የአጎት ወርች

ጆሃንስበርግ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ከሊል፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎና በደጅዎ ባለው ሁሉ ላይ ይሁን። እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለው? ልጅዎ ጦይባ እንዴት ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

እዚህ ሰዎቹ «በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ማነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ጆሮዎ ስልክ እንደማይቀበል፣ በጦይባ ስልክ የምልከውን ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚያነበው ለማን አስረዳለሁ። መንገደኛ ባገኘሁ ቁጥር እጽፋለሁ፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ዛሬ የሚያስቅዎ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። ባለፈው ሳምንት ለሱቄ መደርደሪያ ልፈልግ ፎርድስበርግ የሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ገብቼ ረጅም የሸራ ቦርሳ አየሁ። ስከፍተው ውስጡ ደጋን አለ። ደጋን ስልዎ ግን የተፈታታ ነው፦ መሃሉ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ እጀታ፣ ከላይና ከታች ደግሞ ሁለት ክንፎች። ክንፎቹን እጀታው ላይ በብሎን ያጠብቋቸዋል። ጫፋቸው ወደ ውጭ ቅልብስ ያለ ነው። ከዚያ አውታሩን መወጠር ብቻ። ጉዱ ምን መሰልዎ? ክንፎቹ ይቀየራሉ። ቦርሳው ውስጥ ሦስት ጥንድ አለ፤ ቀላል፣ መካከለኛና ብርቱ። ሰው እንደ ጉልበቱ እየቀያየረ ዕድሜ ልኩን በአንድ እጀታ ይኖራል።

አርሲ ጫካ ለአደን ድርጅት ዱካ ፈላጊ ሆነው ሲሠሩ ስለመጣው ስለዚያ ደጋን ያዥ ፈረንጅ ልጅ ሆኜ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። «ከመጡት ሁሉ ጆሮዬን ያላደነቆረው እሱ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። እሱን ሳስብ አላስችል አለኝና ገዛሁት። እሁድ እሁድ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የመለማመጃ ሜዳ እየሄድኩ እወረውራለሁ፤ እስካሁን የወጋሁት ግን ሣር ብቻ ነው።

ለጣሪያው ማደሻ ያሉኝን ገንዘብ በዚሁ መንገደኛ ልኬያለሁ። ዱዓዎ አይለየኝ።

የእህትዎ ልጅ ሻፊ


ዳሎቻ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሻፊ፣

አላህ በሄድክበት ሁሉ ከፊትህም ከኋላህም ይጠብቅህ፤ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ዝናብ ከመምጣቱ በፊት እየነገረኝ ከራዲዮ ይሻላል።

ደብዳቤህን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ጦይባ አባቴ ለየለት ብላ ደንግጣ ገባች። ያንን ፈረንጅ አለመርሳትህ! ቅጠል ለብሶ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ይቀመጥ ነበር። ድኩላው ላይ ሲለቅ የሰማሁት ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ያህል ብቻ ነው። ያኔ ጆሮ ነበረኝ። ሌሎቹ ግን ከጆሮዬ ሥር ተኩሰው፣ ከአውሬው ጋር ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ጆሮዬንም ይዘውት ሄዱ።

አንድ ነገር ልምከርህ። ላይኛውና ታችኛው ክንፍ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ዕቃ ተሸካሚው አገላብጦ በገጠመበት ቀን ፈረንጁ ሲቆጣ አይቻለሁ። ሌላው፣ ስንት ትስባለህ? እነሱ በፓውንድ ነው የሚቆጥሩት፤ የሱ አርባ አምስት ነበር። ጻፍልኝ።

ደጋን ከያዝክ ዘንድ የቤታችንን ሥርዓት ልንገርህ፤ እናትህ ነፍሷን ይማራትና በሕይወት ብትኖር እሷ ነበረች የምትነግርህ። በእኛ ወገን ወንድ ልጅ የመጀመሪያ አደኑን ሲጥል ቀኝ ወርቹ የእናቱ ወንድም ነው። ይህ ድርሻ በሰው አይላክም። የጣለው ራሱ ተሸክሞ መጥቶ በአጎቱ እጅ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ለአጎቴ ከጫካው ድረስ በእግሬ ተሸክሜ ሄጄ፣ ስደርስ ሸቶ ነበር። ሳይከፋው በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ መረቀኝ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ለውሻው ጣለለት። ምርቃቱ ግን እስካሁን አብሮኝ አለ።

እንግዲህ የኔ ድርሻ አንተ ዘንድ ነው። ስንት ዘመን ሆነህ ከሄድክ?

አጎትህ ከሊል


ጆሃንስበርግ፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባትም ለአጎትም ለሆኑኝ ለጋሽ ከሊል፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ከልብ ነው። የውሻውን ነገር ለዱካሞ አንብቤለት እስኪያስነጥሰው ሳቀ። ዱካሞ ማለት የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ሱቄ ካለበት ከጀፕ ሰፈር ዕቃ እየጫነ ሊምፖፖ ገጠር ላሉት የሐበሻ ሱቆች ያደርሳል። ጴንጤ ነው፤ ሲነዳ መዝሙር፣ ሲቆም ቀልድ። እዚህ አገር ሰው አለኝ የምለው እሱን ነው። ማታ ማታ የሱቄን የብረት በር ሳይቀር የሚያወርድልኝ እሱ ነው።

ስንት ትስባለህ ላሉኝ፣ ሃያ አምስት ነው። ቀላሉን ጥንድ ነው ያሰርኩት። አሠልጣኙ ለጀማሪ ይበቃል ብሏል።

ሜዳው ደስ ይላል። ሰው ሁሉ ከነሚስቱ ከነልጁ ይመጣል። ወርውረው ሲጨርሱ እሳት አንድደው ሥጋ ይጠብሳሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ይጋብዙኛል፤ እርዱን ስለማላውቀው ዳቦ በሰላጣ እበላና እመሰግናለሁ። «ከየት ነህ?» ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ በሚቀጥለው እሁድ መልሰው ይጠይቁኛል። ፍላጻዬን ለቅቄ ኢላማው ድረስ ስሄድ ነቅዬ ስመለስ የማወራው ከራሴ ጋር ነው። አንዳንዴ ድምፄን አውጥቼ ለእርስዎ እነግራለሁ፤ ያው ከዚህም ሆነ ከዚያ አይሰሙኝም ብዬ እስቃለሁ። ይቅርታ ጋሼ፣ ቀልድ ነው።

መምጣቱን በተመለከተ ኢንሻአላህ ነው። ሱቁ ለሰው የሚተው አልሆነም።

ልጅዎ ሻፊ


ዳሎቻ፣ መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሻፊ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ የእናትህን ቀብር በብርሃኑ ያብራ።

ቀልድህ አልከፋኝም። ጆሮዬ ከሄደ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ ጆሮዬ ሲያዝን፣ ደፍሮ የቀለደብኝ አንተ ብቻ ነህ።

ግን ሃያ አምስት? ዓረፋ ሲደርስ ኮርማ በቀንዱ ይዘህ የምታንበረክክ ልጅ፣ በሃያ አምስት? ያ ፈረንጅ የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር፤ የሷ ሃያ አምስት ነበር። የብረት በርህንስ ስለምን ዱካሞ ያወርደዋል? በገዛ እጅህ የጻፍከውን ነው የምጠይቅህ።

ደንቆሮ ሰው ቃል ሲያመልጠው ፊት ያነባል። ባለፈው ወር ከጆሃንስበርግ የመጣው የጎረቤታችን የሀቢሶ ልጅ ሊጠይቀኝ ገብቶ ነበር። ስላንተ ስጠይቀው አፉ «ደህና ነው» አለ፤ ዓይኑ ግን መሬት ወረደ። ልጅ ሆኜ ከቆሰለ አውሬ ጋር የዋልኩ ሰው ነኝ፤ የሚያነክስ ነገር ይታየኛል።

ክንድህ ምን ሆነ? ገንዘብ አትላክ። ጣሪያው ታድሷል፣ ኑሯችንም ደህና ነው። የጠየቅኩህን ብቻ መልስልኝ።

ከሊል


ጆሃንስበርግ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደዱ ጋሽ ከሊል፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅር ይበሉኝ፤ መንገደኛ ጠፍቶ ነው። እነሆ አሁን ደግሞ ትልቅ ወሬ አለኝ። ጣልኩ!

እዚህ አሁን ክረምት ነው፣ የአደን ጊዜያቸው። ዱካሞ ሊምፖፖ ውስጥ ዕቃ ሲያደርስ የሚያውቀው አንድ የአውሬ እርሻ አለ፤ ባለቤቱን ለምኖ አስፈቀደልኝ። ሰውየው ደጋኑን አየና «ከአርባ በታች ከሆነ አውሬ አቁስለህ ታሰቃያለህ፣ አይሆንም» አለ። ከቀላሉ ወደ መካከለኛው ከተሻገርኩ ቆይቻለሁ፤ ብርቱውን ግን ሞክሬው አላውቅም ነበር። አሰርኩት። ብሎኑን ላላ ሲያደርጉት ጥቂት ይቀንሳል፤ ሰውየው እስከሚፈቅደው ድረስ አላላሁት። ላይኛውን ከላይ፣ ታችኛውን ከታች፣ እንዳሉኝ።

ከውሃው ዳር ሣር በተከደነ ጎጆ ተቀመጥን። የመጡት ኢምፓላ የሚሏቸው ናቸው፤ ከሚዳቋ ከፍ ይላሉ። አንዱ ወንድ ጎኑን ሰጠኝ። ስስብ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሴን ነከስኩ። ቢስሚላሂ አላሁ አክበር ብዬ ለቀቅሁ። ትንፋሽ ሲዋጥ ያህል፣ እንዳሉት ነው።

ሮጠ። ዱካሞ ሊከተለው ሲነሣ በሸሚዙ ጎትቼ አስቀመጥኩት። «የተወጋ ካልተከተሉት ይተኛል፣ ከተከተሉት አገር ያቋርጣል» ይሉ የነበረውን ነገርኩት። ቆይተን በደሙ ሄድን። በደረቀ ሣር ላይ፣ ከዚያ በድንጋይ ላይ፣ ከዚያ ጠፋብን፤ እርስዎ እንደሚያደርጉት ጎንበስ ብዬ በፀሐዩ አንጻር ሳይ አገኘሁት። ቢላዬን ይዤ ደረስኩ፣ ነፍሱ ወጥታ ነበር።

አሁን የሚመጣውን ይስሙልኝ። ዱካሞ አብሮኝ ገፈፈ፣ በለተ፣ ጫነ። እሳት አንድደን እንብላ ስለው እጁን እየጠረገ «ቢስሚላህ ብለህበታል እኮ፤ የእስላም ሥጋ በልቼ እናቴን ምን ልላት?» አለኝ። እሺ፣ እምነቱ ነው። ጀፕ አመጣሁትና ለጎረቤቴ ለፈሪድ ወሰድኩለት። «ቢላ ነክቶታል?» አለኝ። አልነካውም፣ ፍላጻ ነው ስለው «እንግዲያው በክት ነው» ብሎ ሳህኑን መለሰው። ምግብ ቤት ያላት ዛሂራ ከበሯ ሳታስገባኝ መለሰችኝ። ለክርስቲያኑ የእስላም፣ ለእስላሙ በክት! በመጨረሻ የሕንፃው ዘበኛ፣ ዙሉው ሽማግሌ፣ «ንጊያቦንጋ ባባ»፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው፣ እያለ እየሳቀ አንዱን የኋላ እግር ወሰደልኝ።

አገር ቢሆን ይህ ሥጋ ከቤት ሳይገባ ነበር የሚያልቀው። እዚህ ክፍሌ ውስጥ አስቀምጬው ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ከሥጋው ይልቅ ጠርቼ የማበላው ሰው ማጣቴ አስለቀሰኝ። ጠበስኩና ብቻዬን በላሁ፤ ጣፋጭ ነው።

የቀረውን አደረቅሁት፤ እኛ ቋንጣ የምንለውን እነሱ ቢልቶንግ ይሉታል። ቀኝ ወርቹን ከነአጥንቱ ለእርስዎ አድርቄ መስኮቱ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ ግን መንገደኛ ቢገኝ ልላከው?

ልጅዎ ሻፊ


ዳሎቻ፣ መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳኙ ለሻፊ፣

እንኳን ቀናህ፤ አላህ እጅህን አያዝለው።

ሥጋህ ሐላል ነው። ነገሩን መስጊድ ወስጄ ሼኹን ጠይቄልሃለሁ፤ ስሙ ተጠርቶበት የተለቀቀ ፍላጻ ከገደለው ይበላል። ሼኹ እጁን እያወዛወዘ ሲናገር እኔ ከንፈሩን ሳይ፣ እሱም ሦስት ጊዜ ሲደግምልኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀብን። ፈሪድን ንገረውና ይፈር። ይኼኔ ምነው በበላሁ ብሎ ተጸጽቷል።

ወርቹን ግን አትላክ። በመንገደኛ ከመጣ ሥጋ ነው፤ ሥጋ ደግሞ ዳሎቻም ሞልቷል።

ፊደሌ ሰፍቶ መስመር ሲለቅ እያየህ ይሆናል፤ አትታዘበኝ። ዓይኔ እየሄደ ነው። ቡታጅራ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወስደውኝ ነበር፤ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም አይቆይም አለኝ። አሁን የማየው በቀርከሃ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ጦይባ ታውቃለች።

ሻፊ፣ ፈራሁ። ሞትን አይደለም። ጆሮ ሲሄድ ፊት ቀረልኝ፤ ፊት ሲሄድ ምን ይቀረኛል? አጠገቤ ተቀምጣችሁ ስታወሩ እኔ የት ነው የምሆነው? ከዚያ በኋላ ሰው የሚያገኘኝ በእጄ ላይ ብቻ ነው። ፊትህን ሳላይ ዓይኔ እንዳይዘጋ ነው የምለምንህ። ወርቹ ሰበብ ነው። አንተን ነው የምፈልገው።

ስለ ክንድህ ደግሜ አልጠይቅህም። ስትመጣ እዳስሰዋለሁ።

አጎትህ ከሊል


ጆሃንስበርግ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህ እንዲታይዎ ፊደሉን አተለቅኩት። አላህ ጨለማውን ያዘግይልዎ።

እውነቱን ልንገርዎ። ፎርድስበርግ የሄድኩት መደርደሪያ ልፈልግ አልነበረም። ጀፕ ከመምጣቴ በፊት ክሊፕታውን የሚባል ሰፈር ሱቅ ነበረኝ። አንድ ቀን ዘራፊዎች ገብተው፣ የነበረውን ሰጥቻቸው፣ ሲወጡ ዝም ብለው ተኮሱብኝ። ቀኝ ትከሻዬን ነው። ሐኪም ቤት ብዙ ተኛሁ። እጄ ከወገቤ በላይ አልነሣ ብሎ ነበር፤ ነርሷ ላስቲክ ሰጥታ ይሄን እየሳብክ አለማምደው አለችኝ። ላስቲክ ግድግዳ ላይ አስሮ ብቻውን ሲስብ የሚውል ሰው ያብዳል። ሌላ የሚሳብ ነገር ልፈልግ ፎርድስበርግ ገብቼ ደጋኑን ሳይ፣ ይህም መሳብ ነው አልኩ። ደግሞም የእርስዎ ነገር ነው። ቀላሉ ጥንድ የታመመው እጄ ነበር። ብርቱው ሲሳብልኝ ዳንኩ ብዬ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ እርስዎ ቀድመው ደረሱብኝ።

የማልመጣው በሱቁ አይደለም። እዚህ የያዝኩት የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ በሱ አገሬ ገባሁ ማለት መመለሻዬን ዘጋሁ ማለት ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ ኤርፖርት ድረስ ሄጄ የተመለስኩት በዚህ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያን ቀን ከኤርፖርቱ ወንበር ላይ ተነሥቼ የወጣሁት እኔ እስካሁን የት እንዳለሁ አላውቅም።

አሁን ሱቁን ለፈሪድ ላስረክብ እየተነጋገርን ነው። ጊዜ ይፈልጋል። በዝግታ ነው የሚሄደው፣ እኔም እፈራለሁ፤ እዚያ ወርጄ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ግን እመጣለሁ።

ዱካሞ ለእህቱ ሠርግ ሆሳዕና እየሄደ ነው፤ ዳሎቻ ድረስ መጥቶ ይህንን ያስረክብዎታል። ወርቹን አልላክሁም፣ እንዳሉት እኔ ዘንድ ነው። የላክሁልዎ የደጋኑ አንድ ክንፍ ነው፣ የብርቱው ጥንድ ላይኛው። ታችኛው እዚህ ነው። ቀላሉንና መካከለኛውን ሜዳው ላይ ለሚጀምሩ ሰጥቻቸዋለሁ። ስለዚህ ከእንግዲህ እኔ ዘንድ የሚወጠር ደጋን የለም። ሌላውን ክንፍ ይዤ እስክመጣ አላድንም። እርስዎም ከእጅዎ አይለዩት።

ሻፊ


ዳሎቻ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሻፊ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጦይባ ነኝ። አባቴ እኔን ጻፊ ብሎኝ ነው።

ደብዳቤህ ሲደርስ ፊደል ማየት ትቶ ነበር። ያን ያህል አተልቀህ ጽፈህ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ብዙ ሞከረ። በኋላ መዳፉን ዘረጋልኝ። አሁን የምናወራው እንዲህ ነው፤ በጣቴ መዳፉ ላይ ፊደል እጽፋለሁ፣ እሱ በአፉ ይመልሳል። ደብዳቤህን እንዲህ ፊደል በፊደል ስነግረው ሁለት ቀን ዋልን። ክሊፕታውን የሚለው ላይ አልገባውም፣ ደገምኩለት። «ትከሻ» ብዬ ስጽፍ «ቀኝ ነው አይደል?» አለኝ፣ ገና ሳልጽፈው። የኤርፖርቱን ስነግረው መዳፉን ጨብጦ ያዘኝና እስኪመሽ አልለቀቀኝም።

ክንፉን ሰጠሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው፣ ቅልብሱን አገኘ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሊያጎብጠው ሞከረና እምቢ ሲለው ሳቀ። «ይሄማ ብርቱው ነው። ታግሎታል» አለኝ። አሁን ሲተኛም ከጎኑ ነው። ከኔ በስተቀር ማንም እንዲነካው አይፈቅድም።

ዱካሞ ብዙ አጫወተን። የኛን ሥጋ አልበላ ብሎ፣ ድንች ቀቀልኩለት። አባቴ ሲሰናበተው ፊቱን ዳስሶ «ይሄ ነው በር የሚያወርድለት» ብሎ መረቀው።

ፈሪድ ሱቁን ተረከበህ? ከዚያ ወዲህ ድምፅህ ጠፋ። ልወቅስህ አይደለም፤ እንደሚከብድ ገብቶኛል። ብቻ የአባቴን ነገር ልንገርህ። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ፊቱን ይነካዋል፤ ማነው ብሎ አይጠይቅም። ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ወደ በሩ ይዘረጋል፣ ድርሻ እንደሚቀበል ሰው። ጎረቤት ገብቶ እጁን ሲይዘው «አንተ አይደለህም» ይለዋል፤ ሰውም ለምዶት አይቀየምም።

ትናንት የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ባልዲ ተሸክሜ ስለነበር እጁን አልነካሁለትም። ጥቂት ጠብቆ እጁን ሰበሰበና «ነፋስ ነው» አለ።

እህትህ ጦይባ